የዩኒቨርሲቲና የትምህርት ክፍል መግቢያ መሥፈርቶችን ማወዳደሪያ መንገድ፦ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆች

የ12ኛ ክፍል ውጤት ከተነገረበት ዕለት አንሥቶ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ እስከሚዘጋበት ቀን ያለው ጊዜ አጭር ነው። ተማሪው የውጤቱን ደስታ ወይም ሐዘን ገና ሳያበርድ፣ ዘመድ አዝማዱም «ሐኪም ሁን»፣ «ኢንጂነሪንግ ይሻልሻል»፣ «ከቤት አትራቂ» እያለ ምክሩን ሲያዘንብ፣ ለሚቀጥሉት አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ዓመታት የሚኖርበት ከተማና የሚማረው ሙያ ይወሰናል። በመምህርነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት ከብዙ ተማሪዎች ጎን ተቀምጬ የምርጫ ቅጽ አስሞልቻለሁ፤ ደጋግሜ ያየሁት ስሕተትም የተለያየ ነገር የሚናገሩ ቁጥሮችን እንደ አንድ ቆጥሮ ማወዳደር ነው። አንዱ የአምና የሬሜዲያል (ማለፊያውን ላላሟሉ ተማሪዎች የሚሰጥ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት) መቁረጫ ነጥብ፣ ሌላው የአንድ ዩኒቨርሲቲ የራሱ መግቢያ ፈተና ውጤት፣ ሦስተኛው ደግሞ አንድ የሰፈር ልጅ ዲፓርትመንት ሲመደብ የነበረው አማካይ ነጥብ ሆኖ ሳለ፣ ሦስቱም በአንድ ወረቀት ላይ «መግቢያ» ተብለው ይጻፉና ውሳኔ ይሰጥባቸዋል። ይህ መመሪያ ቁጥሮቹን በየቦታቸው አስቀምጦ ለማወዳደር የሚረዳ ነው።

1. በመጀመሪያ በሮቹን ለዩ

በአገራችን አንድ ተማሪ ወደሚፈልገው የትምህርት ክፍል የሚደርሰው ተከታታይ በሮችን አልፎ ነው። ማወዳደር የሚቻለው የአንዱን በር መሥፈርት ከሌላው ዩኒቨርሲቲ የዚያው በር መሥፈርት ጋር ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ሰፊ ወረቀት ወስዳችሁ በአራት ዓምድ ክፈሉት።

የመጀመሪያው ዓምድ አገር አቀፉ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ከ2014 የትምህርት ዘመን ተፈታኞች ጀምሮ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ግዴታ ሆኗል። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ይህን ያሟሉት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነዋል። እነዚህን ቁጥሮች የማነሣው በምክንያት ነው። ቀድሞ እጅግ ብዙ ተማሪ ያልፍ ስለነበር ዋናው ጭንቀት የት ዩኒቨርሲቲ እንመደባለን የሚለው ነበር፤ አሁን የሚያልፈው ቁጥር ስላነሰ ብርቱው ፉክክር ወደ ዩኒቨርሲቲው ቅጥር ግቢ ገብቷል፤ ጎልቶ የሚታየውም ሕክምናን፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግንና የመሳሰሉትን ተፈላጊ ትምህርት ክፍሎች ለማግኘት በሚደረገው ውድድር ነው።

ሁለተኛው ዓምድ ዩኒቨርሲቲው በራሱ የሚጠይቀው ነገር ነው፤ ይህ በሁሉም ተቋም የለም፣ ባለበት ግን ወሳኝ ነው። ሦስተኛው ዓምድ በአንደኛ ዓመት ወይም በፍሬሽማን ትምህርት ላይ በተገኘ ውጤት የሚደረገው የትምህርት ክፍል ምደባ ሲሆን፣ አብዛኛው ቤተሰብ የሚዘነጋው ይህንኑ ነው። አራተኛው ዓምድ ከመግቢያ ይልቅ ስለ መውጫ ይናገራል፤ ከ2015 ጀምሮ በመንግሥትም በግልም ተቋም ለሚማሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ስለሆነ፣ ለመግባት ቀላል የሆነ ክፍል ለመመረቅም ቀላል ነው ብሎ ማሰብ አይቻልም።

2. የተማራችሁበት መስክ የከፈተውንና የዘጋውን በር ጻፉ

በተፈጥሮ ሳይንስ የተፈተነ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ ይፈተናል፤ በማኅበራዊ ሳይንስ ያለው ደግሞ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስና አፕቲትዩድ ይፈተናል። ጤና፣ ምህንድስና፣ ኮምፒዩተርና ግብርና ነክ ትምህርቶች የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን ይፈልጋሉ፤ ሕግ፣ ታሪክ፣ አካውንቲንግና ማኔጅመንት በተለምዶ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ቤት ናቸው። በሁለቱ መካከል ያሉ ትምህርት ክፍሎች ግን አሉ፤ ለእነዚህ «ከየትኛው መስክ ትቀበላላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ማቅረብ ያስፈልጋል፤ የአንዱ ዩኒቨርሲቲ መልስ ለሌላው አይሠራምና።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ ያላችሁ ወላጆች ይህን ክፍል ዛሬ አንብቡት። መስክ የሚመረጠው 11ኛ ክፍል ሲገባ ስለሆነ፣ ሐኪም የመሆን ሐሳብ ያለው ልጅ ፊዚክስን ፈርቶ ወደ ሶሻል ከሄደ በኋላ ምንም ያህል ከፍተኛ ነጥብ ቢያመጣ የፈለገውን በር አያገኘውም።

3. መረጃውን ከምንጩ ውሰዱ፣ ዓመቱንም አብራችሁ መዝግቡ

ስለ አገር አቀፉ ፈተና ውጤት የሚናገረው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው፤ ስለ ማለፊያ ነጥብ፣ ስለ ሬሜዲያልና ስለ ምደባ ውሳኔ የሚያስታውቀው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ስለ ትምህርት ክፍል ምደባ የሚናገረው ደግሞ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ነው። አንድ ቁጥር በእጃችሁ ሲገባ ከእነዚህ ከማናቸው እንደመጣ ካልታወቀ፣ በወረቀታችሁ ላይ አታስፍሩት። በቴሌግራም የሚዞሩ ሰንጠረዦች ብዙዎቹ ከእውነተኛ ማስታወቂያ ተቆርጠው የተወሰዱ ናቸው፤ ችግራቸው ቀኑና ርእሱ ተቆርጦ መቅረቱ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪዬ ነጥቧ ከማለፊያው በላይ ሆኖ ሳለ «አልደረሰኝም» ብላ ተስፋ ቆርጣ አገኘኋት። የያዘችው ምስል ከሁለት ዓመት በፊት የወጣና ለሌላ መስክ የተዘጋጀ ነበር፤ ከምስሉ ግርጌ ላይ የነበረው ማብራሪያ ስለተቆረጠ ይህን ልታውቅ የምትችልበት መንገድ አልነበራትም።

የዓመቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። የ2014 የትምህርት ዘመን ተማሪዎች የተፈተኑት በጥቅምት 2015 ሲሆን ውጤታቸው የተነገረው በጥር 2015 ነበር። ስለዚህ አንዱ ሰው «የ2014 ፈተና» ሲል ሌላው «የ2015 ውጤት» ቢል ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የተፈተኑት የ2015 ተማሪዎች ውጤትም ሲመጣ መምታታቱ ይብሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የትምህርት ዘመኑን፣ ማስታወቂያው የወጣበትን ቀንና ያወጣውን መሥሪያ ቤት ጻፉ። ማስታወቂያውንም ከነሙሉ ገጹ በስልካችሁ አስቀምጡት፤ ሊነሣ ወይም ሊለወጥ ይችላል።

4. ነጥቦችን ሁሉ ወደ መቶኛ ለውጡ

የአገር አቀፍ ፈተና ድምር ሁልጊዜ ከአንድ ጣሪያ አልተያዘም፤ በአንዳንድ ዓመታት ከ700፣ በሌሎች ደግሞ ከ600 ሲሰላ ኖሯል። ታላቅ ወንድም «እኔ በ400 ነው የገባሁት» ቢል ከ700 ከሆነ 57 በመቶ ገደማ፣ ከ600 ከሆነ ግን 67 በመቶ ገደማ ማለቱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድን ተማሪ ምርጫ ሙሉ በሙሉ ሊያስለውጥ ይችላል። የእናንተ ውጤት ከ600 ከሆነ ግማሹ 300 ነው፤ ለማንኛውም ንጽጽር ግን ድምሩን ለጣሪያው አካፍላችሁ በመቶ አባዙና መቶኛውን ብቻ ያዙ።

ከድምሩ በተጨማሪ የእያንዳንዱን ትምህርት ነጥብ ለየብቻ መዝግቡ። ሁለት ተማሪዎች እኩል 62 በመቶ ሊያመጡ ይችላሉ፤ አንዱ ግን በሒሳብና በፊዚክስ፣ ሌላዋ በባዮሎጂና በእንግሊዝኛ አምጥተውት ሊሆን ይችላል። ይህ ለምደባው ባይቆጠር እንኳ በፍሬሽማን ዓመት ማን የት እንደሚበረታ አስቀድሞ ይጠቁማል፤ ወደ ታች እንደምናየውም የፍሬሽማን ውጤት ብዙ ነገር ይወስናል።

5. «ማለፊያ»ን ከ«መቁረጫ» ለዩ

ማለፊያ ማለት ያለ እርሱ ጨርሶ የማይታሰብ ዝቅተኛ ገደብ ነው። መቁረጫ ነጥብ ግን ውድድሩ ካለቀ በኋላ የመጨረሻው ተመዳቢ የያዘው ነጥብ ነው። የመጀመሪያው አስቀድሞ ይታወጃል፤ ሁለተኛው በዚያ ዓመት በመጡት አመልካቾች ብዛት፣ በውጤታቸውና በዩኒቨርሲቲው የቅበላ አቅም ይፈጠራል። ስለዚህ የአምናው መቁረጫ ለዘንድሮ ቃል ኪዳን አይሆንም፤ የት አካባቢ እንደምትገኙ ለመገመት ብቻ ይረዳል። የሚቻል ከሆነ የአንድ ዓመት ብቻ ሳይሆን የሦስት ዓመት መቁረጫ ፈልጉና እየወጣ ነው ወይስ እየወረደ የሚለውን እዩ።

መቁረጫ ነጥብ አንድ ቁጥር ብቻ ሆኖ እምብዛም አይመጣም። በተለይ የሬሜዲያልና የምደባ ማስታወቂያዎች ለወንድና ለሴት፣ ለተፈጥሮና ለማኅበራዊ ሳይንስ፣ ለአርብቶ አደርና ለታዳጊ ክልሎች፣ ለዓይነ ስውራንና መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች የተለያየ ነጥብ ይዘው ሲወጡ ቆይተዋል። የራሳችሁን ረድፍ ፈልጋችሁ እርሱን ብቻ ቅዱ። አካል ጉዳት ያለበት ተማሪ ያለባችሁ ቤተሰቦች ደግሞ ይህን ረድፍ ከማንበብ ባሻገር ማስረጃው ከየትኛው የሕክምና ተቋም መምጣት እንዳለበትና እስከ መቼ እንደሚቀርብ ጠይቁ፤ መብቱ ኖሮ ማስረጃው በጊዜ ስላልቀረበ የሚቀር ልጅ ማየት እጅግ ያሳዝናል።

6. የራሳቸውን ፈተና የሚሰጡ ተቋማትን ለብቻ ያዙ

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የቅድመ ምረቃ ተማሪዎቹን የሚቀበለው በራሱ ማመልከቻና በራሱ የመግቢያ ፈተና ነው። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን በመግቢያ ፈተና እያወዳደሩ ይቀበላሉ። በእነዚህ ዘንድ 50 በመቶ ማምጣት የፈተናው ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ እንጂ የሚያስገባ አይደለም።

ለእያንዳንዳቸው የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልስ ፈልጉ። ምዝገባው መቼ ተከፍቶ መቼ ይዘጋል? የመመዝገቢያ ክፍያ ስንት ነው፣ በምን ይከፈላል? ፈተናው የት ይሰጣል፣ ከክልል ለሚመጣ ተማሪ ቅርብ ጣቢያ አለ? የትኞቹን ትምህርቶች ይሸፍናል? የመግቢያ ፈተናውና የአገር አቀፉ ውጤት ሲደመሩ ለእያንዳንዳቸው ስንት በመቶ ይያዝላቸዋል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በዚህ ፈተና ያልተሳካለት ተማሪ በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ውስጥ ያለው ቦታ እንዴት ይሆናል? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ካልታወቀ ማመልከት አደጋ ሊኖረው ስለሚችል፣ በጽሑፍ የወጣውን ማስታወቂያ ሳታነቡ በሰው ቃል ብቻ አትወስኑ።

ነጥብ ብቻውን የማይበቃባቸው ትምህርቶችም አሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያሉት ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትና አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የተሰጥኦ ፈተና ይሰጣሉ። ልጃችሁ መሣሪያ የሚጫወት ወይም የሚሥል ከሆነ ዝግጅቱ የሚጀመረው ውጤት ከመነገሩ ከወራት በፊት ነው፤ የሥዕል ሥራዎችን ሰብስቦ ማስቀመጥ፣ በመሣሪያውም መለማመድ የመሥፈርቱ አካል ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

7. ዩኒቨርሲቲውን ከመምረጣችሁ በፊት የትምህርት ክፍሉን ምደባ አወዳድሩ

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ጊዜ እንድትሰጡ እለምናችኋለሁ፤ የብዙ ተማሪ ቅሬታ የሚወለደው ከዚህ ነውና። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ የመጨረሻ ሙያው ገና አልተቆረጠም። የጋራ የሆኑ የፍሬሽማን ትምህርቶችን ይወስዳል፤ ከዚያም እንደ ዩኒቨርሲቲው አሠራር ከአንድ ሴሚስተር ወይም ከአንድ ዓመት በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም በሁለት ዙር፣ በመጀመሪያ ወደ ሰፊው ዘርፍ ቀጥሎም ወደ ትምህርት ክፍሉ ይመደባል። ለምደባው የሚያገለግሉት በአብዛኛው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የፍሬሽማን አማካይ ነጥብ፣ የአገር አቀፉ ፈተና ውጤት፣ ከዚያም ተማሪው የሞላው የምርጫ ቅደም ተከተል። አንዳንዱ ትምህርት ክፍል በዚህ ላይ የራሱን የጽሑፍ ወይም የቃል ፈተና ይጨምራል።

በመቶኛ የሚሰጣቸው ክብደት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚቀያየር በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል እኔ ያበጀኋቸው እንጂ የማንም ዩኒቨርሲቲ መመሪያ አይደሉም። አንደኛው ዩኒቨርሲቲ ለፍሬሽማን ውጤት 70 በመቶ፣ ለአገር አቀፉ ፈተና 30 በመቶ ይሰጣል እንበል፤ ሁለተኛው ለሁለቱም እኩል 50 ይሰጣል። ተማሪ ሀ በአገር አቀፉ ፈተና 62 በመቶ አምጥቶ በፍሬሽማን ከ4 ነጥብ 3.4 ቢያገኝ፣ 3.4 ወደ መቶኛ ሲለወጥ 85 ይሆናል። ተማሪ ለ ደግሞ በአገር አቀፉ 78 በመቶ አምጥታ በፍሬሽማን 3.0 ብታገኝ፣ ይህ 75 ይሆናል። በአንደኛው ዩኒቨርሲቲ ስሌት ተማሪ ሀ 78.1፣ ተማሪ ለ 75.9 ስለሚያገኙ እርሱ ይቀድማል። በሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ግን ተማሪ ሀ 73.5፣ ተማሪ ለ 76.5 ይሆኑና እርሷ ትቀድማለች። እነዚሁ ሁለት ልጆች፣ እነዚሁ ውጤቶች፣ በቦታው ልዩነት ብቻ ቅደም ተከተላቸው ተገለበጠ።

ከዚህ የሚወጣው የተግባር ምክር እንዲህ ነው። የአገር አቀፍ ፈተና ውጤታችሁ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ለእርሱ ብዙ ክብደት የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ይጠቅማችኋል። ማለፊያውን በጥቂት ነጥብ ያለፋችሁ፣ ነገር ግን ጠንክራችሁ የማጥናት ልማድ ያላችሁ ከሆነ ደግሞ ለፍሬሽማን ውጤት የሚያደላው ሁለተኛ ዕድል ይሰጣችኋል። ሬጅስትራሩን ወይም የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤቱን ስትጠይቁ «ለፍሬሽማን ስንት፣ ለኢንትራንስ (ለአገር አቀፉ ፈተና) ስንት በመቶ ትይዛላችሁ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። አስከትላችሁም የምትፈልጉት ትምህርት ክፍል አምና ስንት ተማሪ እንደተቀበለና የመጨረሻው ተመዳቢ በስንት እንደገባ ጠይቁ። ሁለተኛ ዓመት የደረሱ ተማሪዎች ይህን በትክክል ያውቁታል፤ ከትምህርት ቤታችሁ ወደዚያ የሄደ ካለ ደውሉለት፣ የተመደበበትን ዝርዝር ማስታወቂያ ፎቶ ካለውም ለምኑት።

የትምህርት ክፍሉ በዩኒቨርሲቲው መኖሩንም አረጋግጡ። ነገሩ ግልጽ ቢመስልም፣ ሕክምና ወይም ሕግ እማራለሁ ብሎ ያ ትምህርት ጨርሶ የሌለበትን ዩኒቨርሲቲ በቅርበቱ ብቻ አንደኛ አድርጎ የሞላ ተማሪ አጋጥሞኛል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በታሪካቸው የሚታወቁባቸው ትምህርቶች አሏቸው፤ ጎንደር በጤና ሳይንስ፣ ሐረማያ በግብርና፣ አርባ ምንጭ በውኃ ምህንድስና፣ ባሕር ዳር በጨርቃጨርቅ ቴክኖሎጂ፣ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ወንዶ ገነት ደግሞ በደን ትምህርት ነባር ናቸው። ነባር መሆን ብቻውን ለመምረጥ በቂ ምክንያት አይሆንም፤ ነገር ግን ቤተ ሙከራ፣ የተግባር ልምምድ ቦታና ልምድ ያላቸው መምህራን የት እንደሚገኙ ለመጠየቅ መነሻ ይሆናል። ሕክምና የምትፈልጉ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው የራሱ የማስተማሪያ ሆስፒታል እንዳለው፣ ምህንድስና የምትፈልጉ ከሆነ ወርክሾፑ እንደሚሠራ ጠይቁ።

በዚህ ረገድ የምቃወመው አንድ የተለመደ ምክር አለ፤ «ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ግባ፣ ዲፓርትመንቱ ኋላ ይመጣል» የሚለው ነው። በትልልቆቹ የሚሰባሰቡት ከፍተኛ ውጤት ያላቸው ተማሪዎች ስለሆኑ የትምህርት ክፍሉ ውድድር በዚያው ልክ ይከብዳል። ሙያውን አጥብቆ የሚፈልግና ውጤቱ መካከለኛ የሆነ ተማሪ፣ ያው ትምህርት በሚሰጥበት አዲስ ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ዕድል ሊኖረው ይችላል። ለየትኛው ይበልጥ እንደምትሳሱ፣ ለዩኒቨርሲቲው ስም ወይስ ለሙያው፣ አስቀድማችሁ ከራሳችሁ ጋር ተነጋገሩ።

8. ነጥቡ ካልሞላ፦ ሬሜዲያል

ከማለፊያው በታች ሆነው ለዚያ ዓመት የተወሰነውን የሬሜዲያል መቁረጫ ያሟሉ ተማሪዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ወስደው፣ በመጨረሻ ተፈትነው ሲያልፉ ፍሬሽማን የሚጀምሩበት መንገድ ተዘርግቷል። መቁረጫው ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ የአምናውን ይዛችሁ ተስፋም አትቁረጡ፣ በእርሱም አትተማመኑ። በመንግሥት ወጪ የሚማረውና በግል ከፍሎ የሚማረው ተማሪ መሥፈርታቸው የተለያየ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን በሁለት ረድፍ ጻፉ። ሬሜዲያልን ከመጀመራችሁ በፊት የምታወዳድሩት ነገር የማለፊያውን ነጥብ፣ ከዩኒቨርሲቲው የሚሰጠውና ከማዕከል የሚመጣው ፈተና የየድርሻቸውን መጠን፣ ያላለፈ ተማሪም ምን ምርጫ እንደሚቀረው ነው። ፈተናውን በድጋሚ በግል መውሰድም አንድ አማራጭ ስለሆነ፣ ነጥባችሁ ለማለፊያው በጣም ቀርቦ ከቀረ ሁለቱን መንገዶች ጊዜያቸውንና ወጪያቸውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ መዝኑ።

9. የግል ተቋማት

ወደ ግል ዩኒቨርሲቲ ወይም ኮሌጅ የሚሄድ ተማሪም ለዲግሪ የአገር አቀፉን ፈተና መሥፈርት ማሟላት አለበት፤ «እኛ ጋ ነጥብ አያስፈልግም» የሚል ተቋም ካጋጠማችሁ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሂዱና ጠይቁ። ባለሥልጣኑ ዕውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ ስም ብቻ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስና በመደበኛ ወይም በርቀት ለሚሰጥበት መንገድ ጭምር ነው። አንድ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ካምፓሱ ለአካውንቲንግ ዕውቅና ስላለው፣ በሌላ ከተማ የከፈተው ቅርንጫፍ ለፋርማሲ ዕውቅና አለው ማለት አይደለም። የዕውቅና ደብዳቤው የተሰጠበትንና የሚያበቃበትን ቀን ተመልከቱ። ክፍያን ስታወዳድሩ የሴሚስተሩን ብቻ ሳይሆን የምዝገባውን፣ የቤተ ሙከራውንና የዓመቱን ጭማሪ አንድ ላይ ደምሩ፤ ተቋሙ በመውጫ ፈተና ላይ ያስቀመጣቸው ተማሪዎች ምን ያህሉ እንዳለፉም በትምህርት ክፍል ለይታችሁ ጠይቁ።

10. የቆይታ ዘመንና ወጪ

ምህንድስናና ሕግ አምስት ዓመት፣ ሕክምና ከዚያም በላይ ይፈጃሉ፤ አብዛኞቹ ሌሎች ትምህርቶች ፍሬሽማንን ጨምሮ በአራት ዓመት ያልቃሉ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ የወጪ መጋራት (ኮስት ሼሪንግ) ውል ስለሚፈርም፣ ረጅም ትምህርት የሚከፈለውን ዕዳም ያስረዝማል። ትራንስፖርቱን፣ የዕረፍት ጊዜ ጉዞውንና የኪስ ገንዘቡን ቤተሰብ ተሰብስቦ በዓመት ያስላው።

11. ወረቀቱን ሙሉ፣ ከዚያ ቅደም ተከተል ስጡ

አሁን በእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ዩኒቨርሲቲና አንድ ትምህርት ክፍል ጻፉ፤ በአራቱ ዓምዶችና በምትጨምሯቸው ንዑስ ዓምዶች ላይ የሚቀበለውን መስክ፣ የአገር አቀፉን ዝቅተኛ ነጥብ በመቶኛ፣ የራሱ ፈተና መኖር አለመኖሩን፣ የፍሬሽማንና የኢንትራንስን ክብደት፣ የአምናን የመጨረሻ ተመዳቢ ነጥብ፣ የቅበላ ቁጥሩን፣ የቆይታ ዘመኑን፣ የመረጃውን ምንጭና ቀን አስፍሩ። መልስ ያላገኛችሁለትን ቦታ ባዶ ተዉት፤ በግምት አትሙሉት። ባዶ ቦታ የበዛበት ረድፍ ላይ ገና ስልክ መደወል እንደሚቀራችሁ ወረቀቱ ራሱ ይነግራችኋል።

ከዚያም ረድፎቹን በሦስት ክፈሏቸው፦ ነጥባችሁ ከአምናው መቁረጫ በግልጽ የሚበልጥባቸው፣ ከእርሱ ጋር የሚቀራረብባቸውና ከእርሱ የሚያንስባቸው። በምርጫ ቅጹ ላይ ከሦስቱም ቢኖር ደግ ነው፤ አንደኛ ምርጫችሁ ግን ከልብ የምትፈልጉት ይሁን። ቅደም ተከተሉ በምደባው ላይ ክብደት ስላለው፣ «ይደርሰኛል» ብላችሁ የማትፈልጉትን ከላይ ብትጽፉ የማትፈልጉት ይደርሳችኋል። ቅጹን የሚሞላው ተማሪው ራሱ ይሁን፤ የይለፍ ቃሉንም ለኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ ወይም ለጓደኛ አይስጥ። መዝጊያው ቀን ላይ ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ ከሁለት ቀን በፊት ጨርሱ፣ የተሞላውንም ገጽ አትማችሁ አስቀምጡ።

የምደባው ውጤት ሲወጣ ዩኒቨርሲቲው የጥሪ ማስታወቂያ ያወጣል። በአብዛኛው የሚጠየቀው የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት ዋናውና ቅጂው፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ 3 በ 4 ጉርድ ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ነው። ይህን ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ሰነዶቹን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ የስማችሁን፣ የአባታችሁንና የአያታችሁን ስም አጻጻፍ በፊደል ደረጃ አስተያዩ። በአንዱ «ኃይለማርያም» ተያይዞ፣ በሌላው «ኃይለ ማርያም» ተለያይቶ የተጻፈ ከሆነ፣ ወይም በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ላይ የአንድ ፊደል ልዩነት ካለ፣ ትምህርት ቤታችሁ ገና በአቅራቢያችሁ ሳለ ማስተካከያ ደብዳቤ አጽፉ፤ ከቤት 700 ኪሎ ሜትር ርቃችሁ በምዝገባ ወረፋ ላይ ከቆማችሁ በኋላ ለዚያ ደብዳቤ መመለስ ብዙ ቀንና ብዙ ብር ይፈጃል።